ልዑል ያገባችው አሜሪካዊት ልዕልት ትባላለች?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። አሜሪካ ውስጥ ለማኅበረሰባችን የአማርኛ ሬዲዮ ዜና እተረጉማለሁ። ስለ አውሮፓ ነገሥታት ዘሮች ባዘጋጀሁት ዝግጅት ኬሊ ሮንደስትቬትን አንሥቼ ነበር። የፍሎሪዳ ተወላጅ ናት፤ ኒውዮርክ ውስጥ የባንክ ሠራተኛ ሳለች ጀርመናዊውን የሳክስ-ኮቡርግ-ጎታ ልዑል ሁበርተስን አገባች። ዓረፍተ ነገሬ «አሜሪካዊቷ ባለሙያ በቀድሞ የአውሮፓ ንጉሣዊ ቤተሰብ ውስጥ አገባች» ይላል። በዕድሜ የሚበልጡኝ ባልደረባዬ አንብበው «ወጥ ትሠራለች ማለትሽ ነው?» አሉኝ። ሌላው ባልደረባዬ ደግሞ «ዙፋን በሌለበት ልዕልት ማለት አይገባም» ብሎ ተከራከረኝ። የኬሊን ስም ሳነሣ «ተናገረች» ልበል ወይስ «ተናገሩ»? የጻፍኩትን ቢያርሙልኝ።

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥያቄሽ ብዙ ተርጓሚ ሳያስተውል የሚያልፈውን ነገር የሚነካ ነውና ሰፋ አድርጌ እመልስልሻለሁ።

ባልደረባሽ ያነሡት ነገር እውነት አለው። «ባለሙያ» በጋዜጣ አማርኛ በአንድ ዘርፍ የሠለጠነ ሰው ነው፤ «ባለሙያዎች እንደሚሉት» ስንል ዐዋቂዎችን ማለታችን ነው። በቤት አማርኛ ግን «ባለሙያ ናት» የተባለች ሴት ወጡን የምታጣፍጥ፣ ጠላውን የምትጠምቅ፣ እንግዳ ቢመጣባት የማትደናገጥ ሴት ናት። «ሙያ በልብ ነው» በሚለው ተረት ውስጥ ደግሞ ሙያ ብልሃትም ጀግንነትም ይሆናል። ሁሉም የቃሉ የራሱ ትርጉም ስለሆነ አንዱን ስሕተት ማለት አይቻልም። ግን «ባለሙያ» ብቻውን፣ ያውም ከሴትና ከጋብቻ ወሬ ጋር ሲመጣ፣ ሰሚው ጓዳውን ቢያስብ አይፈረድበትም። መፍትሔው ሙያውን ራሱን መጥራት ነው፦ «የኢንቨስትመንት ባንክ ባለሙያ»። ሐኪም ከሆነች ሐኪም፣ ጠበቃ ከሆነች ጠበቃ በይ። አማርኛ የሥራውን ስም ይወዳል፤ ሥራው ያልተነገረለት «ባለሙያ» አየር ላይ የተንጠለጠለ ቃል ነው።

«ቤተሰብ ውስጥ አገባች» የሚለው ደግሞ የእንግሊዝኛውን ዐጥንት እንዳለ ይዞ መጥቷል። በአማርኛ ሰው የሚያገባው ሰውን ነው፤ ስለዚህ «ልዑል ሁበርተስን አገባች»። በአማርኛ ሰምተሽ ካሰብሽው «ቤተሰብ ውስጥ አገባች» ከዘመዶቿ አንዱን አገባች የሚልም ይመስላል፤ እኛ እስከ ሰባት ቤት ቈጥረን የምንጋባ ሰዎች ይህን ስንሰማ እንደነግጣለን። ጋብቻው ሁለቱን ቤት እንዳገናኘ መናገር ከፈለግሽ «ከሳክስ-ኮቡርግ-ጎታ ቤት ጋር በጋብቻ ተዛመደች» ማለት ትችያለሽ። ከዚህም የሚቀና አንድ ቃል ግን በእጃችን አለ፦ ምራት። «የሳክስ-ኮቡርግ-ጎታ ቤት ምራት ሆነች» ብትዪ ሰሚሽ ማን ለማን ምን እንደሆነ በአንዴ ያውቃል። «ተዳረች»ን ግን ተዪው። ዳሪ ያለበት ቃል ነው፤ ወላጅ ለልጁ የሚያደርገው። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ሆና በራሷ ፈቃድ ባል ለመረጠች የባንክ ባለሙያ አይስማማም።

አሁን ወደ «የቀድሞ» ልምጣ፤ ከዓረፍተ ነገርሽ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ እሱ ነውና። «የቀድሞ የሚኒስትሩ ሾፌር» ስንል ሥራውን የለቀቀው ሾፌሩ ነው። «የቀድሞው ሚኒስትር ሾፌር» ስንል ግን የተነሣው ሚኒስትሩ ነው፤ ሾፌሩ ምናልባት ዛሬም ያሽከረክርለታል። በሁለተኛው ሐረግ ውስጥ ሁለት «የ» መኖር ነበረበት፤ አንዱ ለ«ቀድሞ»፣ አንዱ ለ«ሚኒስትሩ» ባለቤትነት። አማርኛ ሁለት «የ» በአንድ ቃል ራስ ላይ ስለማይደርብ አንዱ ተውጧል። ተርጓሚዎችን የሚያሳስተው ይህ የተዋጠው «የ» ነው። አንቺ «በቀድሞ የአውሮፓ ንጉሣዊ ቤተሰብ» ስትዪ አንዱ ሰሚ የቀድሞ አውሮፓ ይላል፤ ሌላው ቤተሰቡ ተበትኗል ብሎ ያዝናል፤ ሦስተኛው ከቤተሰቡ የወጣ ሰው አገባች ብሎ ይረዳል።

እውነቱ ምንድን ነው? ቤተሰቡ አለ። የቀድሞ የሆነው ዙፋኑ ነው። የመጨረሻው ገዥ መስፍን ካርል ኤድዋርድ በኅዳር 1918 እ.ኤ.አ.፣ ጀርመን በጦርነቱ ስትሸነፍና ንጉሦቿና መሳፍንቷ አንድ በአንድ ሲወርዱ፣ እሱም ወረደ። ኮቡርግ በ1920 ባየርን (ባቫሪያ) ከተባለው የጀርመን ግዛት ጋር ተዋሐደች። ቤተሰቡ ግን ልጅ እየወለደ፣ እየዳረ እስከ ዛሬ አለ፤ ካለንበርግ የሚባለው ግንብም በእጁ ነው። እንግዲህ «የቀድሞ»ን ካለፈው ነገር አጠገብ አስቀምጪው፦ «ቀድሞ ይገዛ የነበረው የሳክስ-ኮቡርግ-ጎታ ቤት»። ሁለት ቃል ይረዝማል፤ ግን ማንንም አያሳስትም። በሬዲዮ ሰሚው ገጹን ወደ ኋላ ገልጦ ማየት ስለማይችል ርዝመቱ ዋጋ አለው።

«ንጉሣዊ» የሚለውስ? ሳክስ-ኮቡርግ-ጎታ መንግሥቱ የመስፍን እንጂ የንጉሥ አልነበረም። ስለዚህ በጥብቅ ከተነጋገርን ቤቱ መስፍናዊ ነው። ነገር ግን ከዚህ አንድ ትንሽ ቤት የወጡ ሰዎች በቤልጅግ ከ1831 ጀምሮ ነግሠዋል፤ በፖርቱጋልና በቡልጋሪያም ነግሠዋል፤ የንግሥት ቪክቶሪያ ባል አልበርትም ከዚያው ነው። እንግሊዞች ከጀርመን ጋር እየተዋጉ የጀርመን ስም መያዙ ስለከበዳቸው በ1917 የቤታቸውን ስም ወደ ዊንድሰር ለወጡ። ስለዚህ «ነገሥታት የወጡበት መስፍናዊ ቤት» ብትዪ እውነትም ክብርም ይገናኛሉ። «የመሳፍንት ቤት» ማለትም ይቻላል፤ እኔ ግን እጠነቀቃለሁ፤ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ መሳፍንት ሲባል ቀድሞ የሚመጣው ዘመነ መሳፍንት ነው።

ወደ ልዕልትነቱ እንሂድ። ባልደረባሽ «ዙፋን በሌለበት ልዕልት የለም» ያለው በሕግ ዐይን ሲታይ አገሩን ይመስላል። ኦስትሪያ በ1919 ማዕርጉንም፣ ከቤተሰብ ስም በፊት የሚመጣውን የመኳንንት ምልክት «ፎን»ንም ከለከለች። ጀርመን በዚያው ዓመት ባወጣችው የቫይማር ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 109 ሌላ መንገድ መረጠች፦ የመኳንንት ማዕርግ ከእንግዲህ የስም ክፍል ብቻ ነው፤ አዲስም አይሰጥም አለች። ይህ ድንጋጌ እስከ ዛሬ ይሠራል። ስለዚህ ጀርመናዊ መዝገብ ላይ «ልዑል» የሚለው ቃል እንደ ቤተሰብ ስም ተጽፎ ይገኛል፤ ለሴቷም በሴት አንቀጽ «ልዕልት» ተብሎ። ቡልጋሪያ ደግሞ ሌላ ነው። በስድስት ዓመቱ በ1943 እ.ኤ.አ. ነግሦ በ1946 ከዙፋን የወረደው ስምዖን ከዚሁ ቤት ቅርንጫፍ ነው፤ አገሩ ተመልሶ ከ2001 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን የተጠራው ሳክስኮቡርግጎትስኪ በሚል የቤተሰብ ስም ነበር። ግሪኮችም ንጉሣቸውን በ1974 በሕዝበ ውሳኔ ካሰናበቱ ከ50 ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ.፣ ለቤተሰቡ ዜግነት ሲመልሱ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ አድርገዋል፤ እነሱም «ደ ግሬስ» የሚለውን ያዙ።

ይህ ሁሉ የአውሮፓ መዝገብ ሥራ ነው። አማርኛ የራሱ ሥርዐት አለው። በእኛ ዘንድ ማዕርግ ከስም በፊት ይቆማል፤ የአባት ስምን አይነካም፤ ሴትም ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። የሐረሩ መስፍን የልዑል መኰንን ባለቤት ልዕልት ሳራ ግዛው ነበሩ። በጋብቻ ልዕልት ሆኑ፤ ግዛው ግን ግዛው ሆኖ ቀረ። የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ባለቤትም ልዕልት መድፈሪያሽወርቅ አበበ ተባሉ። ስለዚህ ባሏ ልዑል የሆነ ሴት ልዕልት መባሏ በአማርኛ የቆየ ወግ ነው። ደርግ በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ዘውዱንና ማዕርጉን ሻረ፤ የልዑላኑ ቤት ሴቶች ለዓመታት ታሰሩ። ሲፈቱም የሚያውቃቸው ሕዝብ ልዕልት ብሎ መጥራቱን አልተወም። መንግሥት ማዕርግን ከመዝገብ ማውጣት ይችላል፤ ከሰው አፍ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን ከልቤ የማምንበት ነው፦ አጠራር የአክብሮት ጉዳይ ሆኖ ሳለ የፖለቲካ ፈተና ልናደርገው አይገባም። ልዕልት ስላልሽ ዙፋን ይመለስ አላልሽም።

እዚያው አሜሪካ አጠገብሽ ያለ ምሳሌ ልስጥሽ። የልዕልት ሳራ የልጅ ልጅ ኢዮኤል ዳዊት መኰንን፣ ሥራው ጠበቃ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ሜሪላንድ በሚገኝ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አሜሪካዊቷን አሪያና ኦስቲንን አገባ። የእንግሊዝኛው ጋዜጣ «ልዕልት ሆነች» ብሎ አወራ። በአማርኛ ልዕልት አሪያና ብትዪ ከአያቱ ጀምሮ የነበረውን ልማድ ተከተልሽ፤ ወይዘሮ አሪያና ብትዪም አላዋረድሽም። ወይዘሮ ራሱ በድሮው ዘመን የነገሥታትና የመኳንንት ዘር ሴቶች ማዕርግ ነበር፤ ኋላ ነው ባለ ትዳር ሴት ሁሉ የተጠራበት።

ለኬሊም ሚዛኑ ይኸው ነው። መጀመሪያ ስታነሺያት «ልዕልት ኬሊ» ብለሽ ከቤቱ ጋር አስተዋውቂያት፤ ቀጥሎ «ልዕልቲቱ» ወይም «ወይዘሮ ኬሊ» ይበቃል። የቤቱን ረጅም ስም እንደ አባት ስም እየደጋገምሽ ከኋላዋ አትጎትቺ። «ክብርት ልዕልት» የሚል ነገር ደግሞ አያለሁ፤ ይህ መደባለቅ ነው። ግርማዊ ለንጉሥ፣ ልዑል ለንጉሥ ቤት ሰው፣ ክቡር ለሚኒስትርና ለመሰሉ ነበር። ልዑል የማዕርግ ስም ብቻ ሳይሆን የማክበሪያ ቃልም ነው፤ «ልዑል ራስ ካሣ»፣ «ልዑል ራስ እምሩ» ስንል የኖርነው ለዚህ ነው። ልዕልት ብለሽ ክብርት ስትጨምሪ ከፍታውን ዝቅ አደረግሽው።

ስለ ሁበርተስ አንድ ቃል። ሲያገባ፣ ግንቦት 15 ቀን 2001 ዓ.ም. በኮቡርግ የቅዱስ ሞሪትዝ ቤተ ክርስቲያን፣ የቤቱ ወራሽ ነበር፤ አባቱ አንድሪያስ በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ካረፉ ወዲህ የቤተሰቡ አውራ ሆኗል። ወራሽ በነበረበት ዘመን ስለ እሱ ስትጽፊ «አልጋ ወራሽ» አትበዪ። አልጋ በዚህ ቃል ውስጥ ዙፋን ነው፤ የሚወረስ አልጋ የለም። «የቤቱ ወራሽ» እውነቱን ይናገራል። አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰንን በስደትም እንዲያ ብለን መጥራታችን አልጋው ሳለ በዐዋጅ የተሰጣቸው ስም ስለሆነ ነው።

«ተናገረች» ወይስ «ተናገሩ»? ማዕርግ ከጠራሽ አንቱታው አብሮ ይመጣል፦ «ልዕልት ኬሊ ተናገሩ»። ማዕርጉን ትተሽ «ኬሊ» ካልሽ «ተናገረች»፤ የዛሬው ሬዲዮ ወጣት እንግዳን እንዲህ ስለሚጠራ ማንም አይቀየምም። የማይሆነው በአንድ ዜና ውስጥ «ልዕልት ኬሊ ገለጹ፤ አክላም አለች» ብሎ መውጣትና መውረድ ነው። «በመጽሐፍ ቅዱስና በተረት ንጉሡም አለ ይላል እኮ» የሚልሽ ይኖራል። ይላል። የተረትና የቅዱስ መጽሐፍ ቋንቋ ንጉሡን በነጠላ ያወራል፤ ዜና ግን የዐዋጅና የጋዜጣ ልጅ ነው፤ ግርማዊነታቸው መረቁ፣ ልዑልነታቸው ጎበኙ ሲባል ያደገ።

እንግዲህ ዓረፍተ ነገርሽ ቢስተካከል፦ «ኒውዮርክ ውስጥ የኢንቨስትመንት ባንክ ባለሙያ የነበረችው አሜሪካዊቷ ኬሊ ሮንደስትቬት፣ ልዑል ሁበርተስን አግብታ ቀድሞ በጀርመን ይገዛ የነበረው የሳክስ-ኮቡርግ-ጎታ ቤት ምራት ሆነች።» አንድ ትንፋሽ ላይ ከከበደሽ «ነበረች» ላይ ክፈይው።

ስለ አጻጻፉ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር፣ «ልእልት» ተብሎ ሲጻፍ ስለማይ ነው። መነሻው «ለዐለ» ነው፣ ከፍ አለ፤ ስለዚህ በዐይኑ «ዐ»፦ ልዑል፣ ልዕልት። ቅዱስ ቅድስት፣ ክቡር ክብርት እንደሚለው አካሄድ ነው። ሲበዙ ወንዶቹ ልዑላን፣ ሴቶቹ በግእዙ ልዑላት ይሆናሉ፤ «ልዕልቶች»ም አማርኛ ነውና አትፍሪው። «ልዑላዊ» ለማለት «ሉዓላዊ» ብለሽ እንዳትጽፊ ብቻ ተጠንቀቂ፤ ከአንድ ሥር የወጡ ቢሆኑም ሉዓላዊ የሚባለው በራሱ ላይ የበላይ የሌለበት አገር ነው።