መዳኔን በምን ልወቅ?

ጥያቄ፦ አባታችን፣ ይባርኩኝ። በቢቸና አካባቢ የምኖር ገበሬ ነኝ። በወጣትነቴ በድንበር ጠብ የጎረቤቴን በሬ በሌሊት በመጥረቢያ መታሁት፤ ሞተ። ለንስሐ አባቴ ተናዝዤ ቀኖናዬን ከፈጸምሁ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም ግን ቅዳሴ ሲቀደስ ከደጀ ሰላሙ አላልፍም። መዳኔን በምን ልወቅ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ። ልብህ ስለ ፈራ ይቅርታው አልተሻረም። እኔ ራሴ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በአውቶቡስ በወረድሁ ቁጥር ጉልበቴ ይብረከረካል፤ ድልድዩ ግን በእኔ ድፍረት ቆሞ አያውቅም። ሐዋርያው ዮሐንስ በመጀመሪያ መልእክቱ (1፥9) ኃጢአቱን ለሚናዘዝ የታመነው ጌታ መሆኑን ይነግረናል፤ የአንተን ስሜት አልጠቀሰም። ከጌታ በስተቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ ፈያታዊ ዘየማንም፣ የገነትን ተስፋ የሰማው ገና በመስቀል ላይ ሳለ ነው። ይህን ሰምተህ ተዘልለህ ተኛ ማለቴ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው መጽናት አለብን።

አንድ ነገር ግን ደብዳቤህ ዘልሎታል፦ የበሬውን ዋጋ ከፍለሃል? ቀራጩ ዘኬዎስ የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነበር ያለው። ምሕረት በበሬ አይገዛም፤ ጎረቤትህ ግን ጥማዱ ጎድሎበት የከረመበት ክረምት አለ። ሽማግሌ ይዘህ ሂድ፤ እርሱ ካለፈም ለልጆቹ ካስ። ከዚያ የንስሐ አባትህን አማክረህ በፍልሰታ ቁረብ።