ባች ፋይላችሁን አትጣሉት

ልጆቼ፣

እዚህ ቱሉ ዲምቱ ሰፈራችን ኮምፒውተር የምትማሩ ልጆች «ባች ፋይል እኮ አርጅቷል» ስትሉ እሰማለሁ። ባች ፋይል ማለት ዊንዶውስ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል ነው። አዲሱን ተማሩ፣ ደስ ይለኛል። ግን ነገ አቃቂ ወይም ገላን ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ንብረት ክፍል ብትቀጠሩ፣ የሚሰጣችሁ ኮምፒውተር ዊንዶውስና አንድ የድሮ የስቶክ ፕሮግራም ብቻ ያለበት ሊሆን ይችላል። ባች ፋይል እዚያ ምንም ሳትጭኑ ይሠራል።

ፋይል ይገለብጣል፣ ስም ይቀይራል፣ ፕሮግራም ይከፍታል። የከፈተው መስኮት ውስጥ ገብቶ ቁልፍ መጫን ግን አይችልም። ፕሮግራሙ ከኤክሴል የማይቀበል ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው የዕቃ ኮድና ብዛት ሲገለብጥ ይውላል። ብዙ ጎበዝ ወጣት በዚህ ሲደክም አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ይህን ክፍተት የኪቦርድ ማክሮ፣ ማለትም በእናንተ ፈንታ ቁልፍ እየመታ የሚጽፍ ትንሽ ፕሮግራም፣ ይሞላዋል። ማክሮ የምትሠሩበት አውቶሆትኪ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለ ነፃ መሣሪያ ነው። የአይቲ ክፍሉን አስፈቅዳችሁ ተጠቀሙበት። ግን ሥራውን ሁሉ ለእሱ አትስጡት። ፋይሉን ባቹ ያዘጋጅ፤ ከዚያ ማክሮውን ጠርቶ የፋይሉን ስም ያቀብለው። ማክሮው ሲጨርስ ቁጥር ይመልስ፤ ዜሮ ከሆነ ባቹ ይቀጥል፣ ሌላ ከሆነ እዚያው ይቁም። ባቹ ውስጥ ማክሮውን በ«ስታርት» ትእዛዝ ከጠራችሁት «ዌይት» ጨምሩበት፤ አለዚያ ባቹ ሳይጠብቀው ያልፋል።

አሁን ዋናው ነገር። ማክሮ የሚጽፈው ከፊት ባለው መስኮት ላይ ነው። መሃል ላይ የአፕዴት ማስታወቂያ ብቅ ካለ የዕቃው ብዛት እዚያ ይጻፋል፣ ኢንተሩም እዚያው ይመታል። ብዙዎቻችሁ ይህን በ«ስሊፕ» ለመፍታት ትሞክራላችሁ፤ ሁለት ሰከንድ ጠብቅ፣ ከዚያ ጻፍ። ላፕቶፓችሁ ላይ ይሠራል። አቧራ የጠጣው የመጋዘን ኮምፒውተር ላይ ግን መስኮቱ ገና ሳይከፈት ሁለቱ ሰከንድ ያልቃል። ስለዚህ ሰከንድ አትቁጠሩ፣ መስኮቱን ጠብቁ። «ዊን ዌይት አክቲቭ» የሚባለው ትእዛዝ የምትፈልጉት መስኮት ፊት እስኪመጣ ይጠብቃል። የጊዜ ገደብም ስጡት፤ ካልመጣ ምንም ሳይጽፍ ይውጣ። እያንዳንዱን ዕቃ ከመጻፉ በፊትም መስኮቱ ያው መሆኑን ይፈትሽ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ቆጠራ ሲመጣ የምትጠየቀው የመጋዘን ሠራተኛዋ እንጂ ማክሮው አይደለም።

አውቶሆትኪን ሌላም የምወድለት ነገር አለ። ሁለት ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ስትመቱ «አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ» ብሎ ይጽፍላችኋል። የግዕዝ ፊደል ስታስገቡ የማክሮውን ፋይል በዩቲኤፍ 8፣ ማለትም የግዕዝን ፊደልም በሚይዘው የጽሑፍ አቀማመጥ፣ አስቀምጡ። የቆየው የአውቶሆትኪ ስሪት 1 በፋይሉ መጀመሪያ የሚቀመጠውን ቦም የሚባለውንም ምልክት ይፈልጋል፤ ስሪት 2 ላይ ይህ ጣጣ የለም። ቪቢስክሪፕት በሚባለው የማይክሮሶፍት የቆየ የስክሪፕት ቋንቋ ግን አዲስ ሥራ አትጀምሩ፤ ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቀስ በቀስ እንደሚያስወጣው እ.ኤ.አ. በ2023 አስታውቋል።

የይለፍ ቃል ማክሮ ውስጥ አትጻፉ። ማቆሚያ ቁልፉን ደግሞ ከሁሉ በፊት ጻፉት፤ ኤስኬፕ ሲጫን ማክሮው ወዲያው ይውጣ። ሥራውን ለመጋዘኗ ሠራተኛ ስታስረክቡም ያን ቁልፍ አሳዩዋትና፣ እናንተ እያላችሁ ራሷ ተጭና ትሞክረው።