በቀን ሁለት ጊዜ ስለሚሞላውና ስለሚጎድለው አየር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ መምህር፣ በስልኬ ያለው የአየር ግፊት መለኪያ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን እንኳ ሁለት ጊዜ ከፍ፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ጤነኛ ነው። በእኛ አካባቢ፣ በድሬዳዋና በሐረር፣ ግፊቱ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ይልና እስከ ቀትር በኋላ 10 ሰዓት ሁለት ሦስት ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ) ያህል ይወርዳል፤ ማታ 4 ሰዓት ላይ እንደገና ይነሣል፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ዝቅ ይላል። ይህ የአየር ሙላትና ጉድለት ነው። እንደ ባሕሩ ሙላት መስሏችሁ ጨረቃን አታንሡ፤ የዚህኛው ዋና ሥራ የፀሐይ ሙቀት ነው።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ ፀሐይ በቀን አንዴ ከወጣች፣ ግፊቱ ለምን ሁለት ጊዜ ይነሣል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ሙቀቱ ቀን ብቻ ስለሚመጣና ሌሊት ስለሚቋረጥ፣ በውስጡ የ24 ሰዓትም የ12 ሰዓትም ምት አለበት። ከታች የውኃ ተን፣ ከ50 ኪሎ ሜትር ከፍታ አጠገብ ደግሞ ኦዞን የፀሐይን ጨረር ውጠው ይሞቃሉ፤ ሙቀቱም በአየሩ ውስጥ ሞገድ ያስነሣል። የ24 ሰዓቱ ሞገድ በቁመቱ አጭር በመሆኑ በተለያየ ከፍታ የሚፈጠረው ግፊት እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የ12 ሰዓቱ ግን በቁመቱ እጅግ ረጅም ስለሆነ ከተኑም ከኦዞኑም የሚመጣው ተደማምሮ መሬት ላይ ይሰማል።

አስተያየት (ከሳቢያን)፦ 4 ሰዓት ሲሉ በፈረንጅ 10 ማለትዎ ነው? የእኔ መተግበሪያ የሚያሳየው 10 ነው።

አስተያየት (ከሐረር)፦ ሰዓቱ ይቅርና፣ እኛ ጋ ንባቡ 815 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው፤ ድሬዎች 880 ይላሉ። የእነርሱ ሙላት ይበልጣል ማለት ነው?

አስተያየት (ከከዚራ)፦ ያ የከፍታ ልዩነት ነው እንጂ ሙላት አይደለም፤ ሐረር ደጋ ላይ ናት።

መልስ፦ ልክ ነው፣ የከፍታ ነው። ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፌያለሁ፤ በዚህ አንከራከር።

ጥያቄ (ከመጋላ)፦ ይህ ሞገድ ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል?

መልስ፦ በ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ አየሩ ከመሬት አጠገብ ካለው ከሚሊዮን እጥፍ በላይ የሳሳ ስለሆነ፣ ከታች ኢምንት የነበረው ንቅናቄ እዚያ በሴኮንድ በአስር ሜትሮች የሚቆጠር ነፋስ ይሆናል። ነፋሱ በኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶችን በመሬት መግነጢስ ላይ ሲገፋቸው ጅረት ይፈጠራል፤ ጅረቱ እጅግ የሚበረታው በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ላይ ሲሆን፣ ያ መስመር በሀገራችን ሰማይ ያልፋል። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የሳተላይት ጥናት አዮኖስፌር (እነዚህ በኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶች ያሉበት የላይኛው አየር) በምድር ዙሪያ በአራት ቦታ ደምቆ እንደሚታይ አሳየ፤ ምክንያቱም በሐሩሩ ክፍል ያለው የዝናብ ደመና ሙቀት የሚፈጥረው ሞገድ ነው። ከስር የሚወርድ ዶፍ ዝናብ በላይ የራዲዮ ሞገድ የሚሄድበትን መንገድ ይለውጣል ማለት ነው!

ጥያቄ፦ የሐምሌ 1998ቱ የድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ አይገናኝም። ከደጋው የወረደ የዝናብ ጎርፍ ነው።

ጥያቄ፦ ስለ ሞገዶች በጠቅላላው ያብራሩልን።

መልስ፦ ስለ የትኛው? የ2 ቀን ዙር ያለው አለ፣ የ6 ቀንም አለ፣ የ16 ቀንም አለ። አንዱን መርጠው ይምጡ።

ጥያቄ፦ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ግን መለኪያው...

መልስ፦ የጨረቃው ድርሻ የፀሐዩን አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ከላይ ያለውን ያንብቡ።