«ውጫዊ ጥምረት» ወይስ ሌላ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ዳታቤዝ አስተምራለሁ። ሁለት ሠንጠረዦችን ሲያጣምር አቻ የሌለውንም ረድፍ የሚይዘውን «አውተር ጆይን» «ውጫዊ ጥምረት» ስለው ተማሪዎቼ ከውጭ የሚመጣ ነገር ይመስላቸዋል። ምን ልበለው?

መልስ፦ ተማሪዎችዎ አልተሳሳቱም፣ ያሳሳታቸው ቃሉ ነው። «ውጫዊ» ሲባል ማንም ሰው ውጭ ያለ ነገር ነው የሚታየው። እዚህ ግን ከውጭ የሚገባ የለም፤ እንዲያውም አቻ በማጣቱ ሊወጣ የነበረው ረድፍ ነው የሚተርፈው። የተማሪዎችና የውጤት ሠንጠረዥ አለዎት እንበል። አቻ ያላቸውን ረድፎች ብቻ የሚያወጣው ኢነር ጆይን ያልተፈተነውን ተማሪ ከነስሙ ይጥለዋል፣ ሌፍት (የግራ) አውተር ጆይን ግን ስሙን ይዞ የውጤቱን ቦታ ነል (ዋጋ የለም የሚል ምልክት) ያደርገዋል። ይህን አማርኛ ድሮውንም ይለዋል፦ «ተማሪዎቹን ሁሉ፣ ውጤት ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም»።

ስም ካስፈለገ «አስቀሪ ጥምረት» ልል አምሮኝ ነበር። ግን «አስቀረ» ማትረፍም መከልከልም ስለሆነ ሌላ ጣጣ ነው፣ ተውኩት። «ገንዘብ ያዥ» እንደምንለው «ግራ ያዥ»፣ «ቀኝ ያዥ»፣ ፉል ለሚባለው ደግሞ «ሁለቱንም ያዥ» ቢሉስ? «ውጫዊ»ን መጣል አያሳስብዎት። በ1992 እ.ኤ.አ. በወጣው የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ደረጃ እንኳ «ሌፍት ጆይን» ብቻ ብሎ መጻፍ ይበቃል፣ «አውተር» ባይጻፍም ትርጉሙ አይለወጥም።

አንድ ነገር ልጨምር። «ተማሪዎችን ከውጤት ጋር አጣምር» የሚለው ትእዛዝ የትኛው ሠንጠረዥ ሙሉውን እንደሚያዝ አይናገርም፤ «ከ… ጋር» ሁለቱን እኩል ያደርጋቸዋል። «ውጤቱን ተማሪዎቹ ላይ አጋጥም» ቢሉ ግን መሠረቱ የተማሪዎቹ ሠንጠረዥ መሆኑ ወዲያው ይታያል። ግራ የሚባለውም እሱ ነው፣ በኤስኪውኤሉ ትእዛዝ ቀድሞ የተጠራው። (ግራ የሚያጋባው ግራ ይሄ ነው።)

ነልን ደግሞ አደራ «ባዶ» አይበሉት። «ሁለት ለባዶ» ስንል ባዶ ዜሮ ነውና፣ ያልተፈተነው ልጅ ዜሮ ያገኘ ይመስላል። «ያልተሞላ» ይሻላል። ነል የታወቀ ዋጋ ስላልሆነ ከራሱ ከነል ጋር በእኩል ምልክት ቢያወዳድሩት እንኳ «እውነት» የሚል መልስ አያገኙም፤ ያልተፈተኑትን ለይቶ ለማውጣት «ኢዝ ነል» ብሎ መጠየቅ ነው።