ድቡልቡሉን ፊደል ለርዕስ ይተዉት

ጥያቄ፦ ለልጆች ትንሽ መጽሔት እያዘጋጀሁ ነው። ለርዕሱ ወፍራም፣ ጫፉ ክብ የሆነ ፎንት አገኘሁና በጣም ወደድኩት። የውስጡንም ጽሑፍ በዚያው ጻፍኩት። ስክሪን ላይ አሪፍ ነበር። ታትሞ ሲመጣ ግን ገጹ ጠቋቁሮ ዓይን ያደክማል። ጥፋቱ የፎንቱ ነው የማተሚያ ቤቱ? አንድ ወዳጄ ደግሞ «ይሄ የልጅ ነገር ነው፣ ለሌላ ሥራ አይሆንም» ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ማተሚያ ቤቱን አይውቀሱት። ፎንቱም ያለቦታው ገብቶ ነው እንጂ ምንም አልበደለም።

የዚህ ፊደል ውበቱ ጫፉ ላይ ነው። ጫፉ ክብ መሆኑ ደግሞ የሚታየው ፊደሉ ትልቅ ሲሆን ነው። የፊደሉ መጠን ወደ 10 ነጥብ (ፖይንት) ሲወርድ ክብነቱ ይጠፋና ውፍረቱ ብቻ ይቀራል። ቀለም ደግሞ ወረቀት ላይ ትንሽ ይሰፋል፤ ስክሪን ላይ ያላዩት ጥቁረት ከዚያ የመጣ ነው።

እስቲ «ቢ» እና «ቤ»ን በዚያው ፎንት አሳንሰው ጎን ለጎን ያትሟቸው። የ«ቢ» እግር ላይ ያለችው ጭረት ድሮም አጭር ናት፤ ወፍራና ጫፏ ሲከብ ነጠብጣብ ትመስላለች። የ«ቤ» ቀለበት ውስጥ ያለችው ነጭ ቀዳዳ ደግሞ በቀለም ትደፈናለች። ሣልስና ኃምስ ተምታቱ ማለት ነው። ገና ፊደል እየለየ ላለ ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ርዕሱን እንዳለ ይተዉት። ሁለት ሦስት ቃል ይሁን፣ በደንብ ይጉላ፣ በፊደሎቹ መሃል ያለውም ክፍተት ጠበብ ይበል። ለውስጡ መካከለኛ ውፍረት ያለው ተራ ፎንት ይምረጡ። ሌላ ድቡልቡል ፎንት ግን እንዳይጨምሩበት። ሁለቱ ተቀራራቢ ሲሆኑ አንባቢ ስህተት ነው የሚመስለው።

ወዳጅዎ ያሉት ግማሽ እውነት ነው። ቫግ ራውንድድ የሚባለው ፎንት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የተሠራው ለመኪና አምራቹ ለቮልስዋገን ነው። ኮምፒውተር አምራቹ አፕልም ከአሥር ዓመት በላይ የኪቦርዶቹን ፊደሎች በእሱ ጽፏል። መኪናም ኮምፒውተርም የልጅ መጫወቻ አይደሉም። ለሎጎ፣ ለፖስተር፣ ለማሸጊያ፣ ለአፕ ምልክት ያለ ስጋት ይጠቀሙበት። ቁጣ ወይም ሐዘን ባለበት ግን አይሞክሩት። «አደጋ! አትቅረብ» በዚህ ፊደል ቢጻፍ «ና እንጫወት» ነው የሚመስለው።

ሌላ ፎንት ከማውረድዎ በፊት ደግሞ «መ»ን በጣም አጉልተው ይዩ። ጎበዝ ሠሪ ሁለቱ ክቦች የሚገናኙበትን ቦታ ቀጠን ያደርገዋል። ተራ ወፍራም (ቦልድ) ፎንት ወስዶ ጠርዙን በኮምፒውተር ትእዛዝ ብቻ ያከበበው ግን እዚያ ጋ ጥቁር ቋጠሮ ይተዋል። ቋጠሮውን ካዩ ይለፉት።