ተጠራጣሪና ተጠርጣሪ

ጥያቄ፦ «ልጄ ታሞ ከተኛ አራት ወር ሆነው። በጽዋ ማኅበራችን ስለ እሱ ጸሎት ከተደረገ በኋላ ‹እውነቱን ልንገራችሁ፣ መዳኑን እጠራጠራለሁ› አልኩ። አንድ ትልቅ ሰው ‹ጥርጥር ክህደት ነው፤ እምነት የለሽም ማለት ነው› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ ፊት መቅረብ አፍሬአለሁ። እውን በአማርኛችን መጠራጠር፣ አለማመንና መካድ አንድ ናቸው? ‹ጥርጥር›ና ‹ጥርጣሬ›ስ ይለያያሉ? እኔ ተራ ምዕመን ነኝ፤ በቃላቱ በኩል ቢያስረዱኝ።»

መልስ፦ እኅቴ፣ አንድ አይደሉም። ሦስቱን ለይቶ ያስቀመጠው ደግሞ ቋንቋው ራሱ ነው።

በአማርኛ «አመነ» ለሚለው ግስ ፊት ለፊት የሚቆመው «ካደ» ነው። ይህን ለማየት ፍርድ ቤት ገብቶ መስማት ይበቃል። ክሱ ተነቦ ሲያበቃ ተከሳሹ የሚሰጠው ቃል «የእምነት ክህደት ቃል» ይባላል። አድርጌአለሁ ካለ አመነ፣ አላደረግሁም ካለ ካደ። የሰው ገንዘብ ተበድሮ «አልወሰድኩም» የሚለውም ብድሩን ካደ እንላለን። መካድ እንግዲህ ቁርጥ ያለ ነገር ነው፤ ሰው የሚያውቀውን፣ ትናንት የተቀበለውን፣ ዛሬ አፉን ሞልቶ «አይደለም» ሲል ነው። ጴጥሮስ «ሰውየውን አላውቀውም» ባለ ጊዜ ወንጌሉ «ካደ» አለ። ይኸው ጴጥሮስ በባሕር ላይ ሲሄድ ነፋሱን አይቶ ፈርቶ መስጠም ሲጀምር ግን «ስለ ምን ተጠራጠርህ?» ተባለ እንጂ «ስለ ምን ካድህ?» አልተባለም። ሰውየው አንድ ነው፣ ግሱ ግን ሁለት ነው። ሽማግሌው ሁለቱን ባይደባልቁ መልካም ነበር።

አሁን እርስዎ ወደ ተናገሩት ቃል ልምጣ። «ጠረጠረ»ና «ተጠራጠረ» ከአንድ ሥር ቢበቅሉም ወደ ተለያየ አቅጣጫ ይሄዳሉ። «መምጣቱን እጠረጥራለሁ» ያለ ሰው ሳይመጣ አይቀርም እያለ ነው። «መምጣቱን እጠራጠራለሁ» ያለው ደግሞ የሚመጣ አይመስለኝም ማለቱ ነው። ጠርጣሪ ወደ ውጭ ያያል፤ ከሌላው ሰው ጀርባ የተደበቀ ነገር ይፈልጋል። ተረታችን ይህን ያወድሳል፦ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል፣ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር» ይላል። እዚህ ቦታ «ያልተጠራጠረ» ብለው ቢተኩት ተረቱ ይፈርሳል።

ተጠራጣሪ የሚያየው ወደ ውስጥ ነው። የግሱን አሠራር ልብ ይበሉ። «መሰከረ» ብለን «ተመሳከረ» ስንል ሁለት ነገር ፊት ለፊት ቀርቦ አንዱ በሌላው ይመዘናል። «ወንድማማቾቹ ተጠራጠሩ» ብንልም አንዱ ሌላውን በክፉ አየው ማለታችን ነው። «ተጠራጠርኩ» ብዬ በነጠላ ስናገር ግን ያ የሁለት ሰው ጉዳይ በእኔ በአንዱ ውስጥ ይሆናል፤ ግማሹ ልቤ ሌላውን ግማሽ ይጠይቀዋል። ሕዝባችን «ሁለት ልብ ሆንኩ» የሚለውም ይህንኑ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ለጴጥሮስ የተነገረው የግሪኩ ግስ ዲስታዞ እንኳ ውስጡ «ሁለት» የሚል ቃል አለበት።

ግእዙም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። «ነፈቀ» ከፈለ፣ ለሁለት ሰነጠቀ ማለት ነው፤ በትምህርት ቤት «ንፍቀ ክበብ» ስንል የምንጠቀምበት «ንፍቅ»፣ ግማሽ ማለት፣ ከዚያ የመጣ ነው። ከዚሁ ሥር የወጣው «ናፈቀ» በግእዝ ተጠራጠረ፣ ልቡ ተከፈለ ማለት ሲሆን «መናፍቅ»ና «ኑፋቄ»ም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። ዛሬ ግን በአማርኛ «መናፍቅ» የተጠራጠረ ሰው መጠሪያ መሆኑ ቀርቶ ሰውን ከጉባኤ የሚለይ፣ የሚያቆስል ቃል ሆኗል። ቃሉ ድሮ ሰፊ ነበር ተብሎ ልጇ የታመመባትን እናት በዚህ ስም መጥራት በቋንቋም በምግባርም ስሕተት ነው።

በዚህ ላይ ብዙ የምቆየው ምክንያት ስላለኝ ነው። «ተጠራጣሪ»ና «ተጠርጣሪ» በጽሑፍ የሚለዩት በአንድ ፊደል፣ በ«ራ»ና በ«ር» ብቻ ነው። ተጠርጣሪ ፖሊስ የሚፈልገው፣ ሌሎች በጥፋት ያሰቡት ሰው ነው። ተጠራጣሪ ከራሱ ጋር የሚሟገት ሰው ነው። በማኅበራችሁ የሆነው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ይህ ነው፦ እርስዎ ተጠራጣሪ ነኝ ብለው ልብዎን ከፈቱ፣ ሰዎቹ ግን ተጠርጣሪ አድርገው አዩዎት። አንዲት ፊደል ናት፤ ለተቀበለው ሰው ግን ከባድ ናት።

ሽማግሌው ከባዶ አልተነሡም፤ ይህንንም ማለት አለብኝ። የያዕቆብ መልእክት «የሚጠራጠር ሰው በነፋስ እንደ ተገፋና እንደ ተነዋወጠ የባሕር ማዕበል ነውና» ይላል። መጽሐፍ ጥርጥርን አያቆላምጥም። ነገር ግን ማዕበል ተናወጠ ይባላል እንጂ ካደ አይባልም። ጴጥሮስም የተባለው «አንተ እምነት የጎደለህ» ነው፣ «እምነት የሌለህ» አይደለም። የጎደለ እንስራ ውኃ አለበት። በማቴዎስ ወንጌል መጨረሻም ደቀ መዛሙርቱ ከትንሣኤ በኋላ ጌታን በገሊላ ተራራ ሲያዩት «ሰገዱለት፤ የተጠራጠሩ ግን ነበሩ» ተብሎ ተጽፏል። ስግደቱና ጥርጥሩ የተጻፉት በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው። በሐዲስ ኪዳን ዲስታዞ የሚገኘው በዚህና በጴጥሮስ ታሪክ ብቻ ሲሆን አማርኛው በሁለቱም ቦታ «ተጠራጠረ» ብሎ በትክክል ይዞታል።

ብዙ ሰው «ተጠራጣሪው ቶማስ» ይላል። ቶማስ ግን ያለው «አላምንም» ነው፣ የተመለሰለትም «ያመንህ እንጂ ያላመንህ አትሁን» የሚል ነው። ይህ ከጥርጥር የጠነከረ ቃል ነው፤ ቢሆንም ያን ቃል የሰማው ከወንድሞቹ ጋር በአንድ ቤት ተቀምጦ ሳለ ነው።

አሁን የራስዎን ዐረፍተ ነገር እንመርምር። «መዳኑን እጠራጠራለሁ» ብለዋል። ተሳቢው «መዳኑን» ነው። በሃይማኖት ቋንቋ «አመነ» በ«በ» ይመጣል፦ «በእግዚአብሔር እመኑ»። ጸሎተ ሃይማኖትም «በአንድ አምላክ» ብሎ ነው «እናምናለን» የሚለው። እርስዎ የተጠራጠሩት አንድ ነገር መፈጸሙን ነው፤ የተጠራጠሩት ማንን ነው ብባል በዐረፍተ ነገርዎ ውስጥ የማገኘው ሰውም አምላክም የለም። እንዲያውም የልብዎን የሚገልጸው «እሰጋለሁ» የሚለው ቃል ይመስለኛል። «እንዳይሞትብኝ እሰጋለሁ» የምትልን እናት እምነት የለሽም የሚላት የለም።

ልጁ የታመመበት ሰው በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 አለ። መጀመሪያ «ቢቻልህ» ብሎ «እርዳን» አለ። ኋላ ላይ ግን «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። በአማርኛ «እርዳው» የሚባለው ለሰው ነው፣ ሸክም ለከበደው። ይህ አባት አለማመኑን እንደ ሁለተኛ በሽተኛ ልጅ አድርጎ ከፊት አቀረበው። «አለማመኔን» ሲልም የራሴ ነው ብሎ አመነ፤ «ጥፋቱን አመነ» በምንልበት አነጋገር። አንዱ ግስ ለሁለቱም ይሆናል።

ትንሽ ልጅ ሳለሁ ታናሽ ወንድሜ ታሞ ነበር። እናቴ በየንጋቱ ጠበል በቢጫ ጀሪካን ቀድታ ትመለሳለች። ጎረቤት በር ላይ ሲጠይቃት «ይድናል» ትላለች፣ ቁርጥ አድርጋ። ማታ የጀሪካኑን አፍ በጨርቅ ወትፋ ስታስቀምጥ ደግሞ ለራሷ «ይድን ይሆን?» ስትል እሰማታለሁ። ያች «ይሆን» ሙሉ ሌሊት ታህላለች። ሲነጋ እናቴ ጀሪካኑን አንሥታ ትወጣ ነበር፤ «ይሆን» አላስቀረቻትም።

የቀሩትን በአጭሩ ልመልስ። «ጥርጥር» የነገሩ ስም ነው፣ በተቆረጡ አነጋገሮችም ይኖራል፦ «ያለ ጥርጥር»፣ «ጥርጥር የለውም»። «ጥርጣሬ» ሰው ላይ የሚመጣው ስሜት ነው፦ «ጥርጣሬ አደረብኝ»፣ «ጥርጣሬ ገባኝ»። ስለ ራስዎ ሲናገሩ «ጥርጣሬ» ይሻላል፤ የሚያድር እንግዳ ነውና ሊሄድም ይችላል። «ምዕመን» ብለው የጻፉትን ደግሞ በአልፋው «እ» «ምእመን» ብለው ያርሙት፤ ሥሩ «አመነ» ነው፣ «አሜን»ም «እሙን»ም «በአማን»ም የሚገናኙት እዚያው ነው። በቅዳሴ ሕዝቡ «ነአምን ወንትአመን» ሲል፣ እናምናለን እንታመናለንም ሲል፣ እርስዎም አብረው ይበሉ። ግሱ በብዙ ቁጥር የተነገረ ነው፤ የአንዱ ድምፅ ቢደክም የሌላው ይሸከመዋል።

ወደ ማኅበርዎ ይመለሱ። ልጅዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ።