ባለ ዓርማ ቲሸርት ከማዘዛችሁ በፊት ደቂቃውን ቁጠሩ

እህታችን፣ የጠየቅሽው ባጭሩ ይህ ነው፦ ለዘንድሮ ምረቃ የዩኒቨርሲቲው ዓርማ ያለበት 1,500 ቲሸርትና 400 ሁዲ እዚሁ ባሕር ዳር ልታሠሩ ነው። ዓርማውን የፈቀደላችሁ ክፍል «አምራቹ የሠራተኛ መብት የሚያከብር መሆኑን አረጋግጡ» አላችሁ። ሦስት ቤቶች ፕሮፎርማ ሰጥተዋችኋል፤ በጣም ርካሹ የምስክር ወረቀት ፎቶ በቴሌግራም ልኮ በ10 ቀን አስረክባለሁ ብሏል። ይበቃል ወይ ነው ጥያቄው።

አይበቃም። ከወረቀቱ በፊት መመርመር ያለባት ግን «10 ቀን» የምትለዋ ናት።

ክብ አንገት ቲሸርት ለመስፋት ጥሩ በተደራጀ ቤት 8 ደቂቃ ግድም፣ ኪስና ኮፍያ ያለው ሁዲ ደግሞ 30 ደቂቃ ግድም ይፈጃል። 1,500 በ8 ሲባዛ 12,000 ደቂቃ፤ 400 በ30 ሲባዛም 12,000፤ ድምሩ 24,000 ነው። ይህ ክር ሳይበጠስ፣ መርፌ ሳይሰበር፣ የተቆረጠው ጨርቅ ሳይጓደል ነው። ትንንሽ ስፌት ቤቶች ብዙ ጊዜ ከዚህ ፍጥነት ግማሹን እንኳ አይደርሱም። 45 በመቶ ብለን እንያዝ፦ 24,000 ለ0.45 ሲካፈል 53,333 ደቂቃ፣ ማለትም 889 ሰዓት። ቤቱ 8 ሰፊዎች ካሉት በመደበኛው 8 ሰዓት በቀን 64 ሰዓት ይሰጣሉ። ስለዚህ ስፌቱ ብቻውን 14 የሥራ ቀን ይወስዳል።

አሁን ወደ 10 ቀኑ እንመለስ። አንድ እሑድ ስታወጡ 9 የሥራ ቀን፣ 576 ሰዓት ነው፤ 313 ሰዓት ይጎድላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ገድቧል። በሳምንት ተኩል ለአንድ ሰው 18 ሰዓት፣ ለስምንቱ 144 ሰዓት። ሕጉ እስከፈቀደው ጥግ ድረስ ቢለጠጥም ገና 169 ሰዓት ባዶ ነው። ያ ሰዓት ከሦስት ቦታ በአንዱ ይመጣል፦ ፊርማ ከማይያዝበት ሌሊት፣ ከእሑድ ዕረፍት፣ ወይም አድራሻውን ከማታውቁት ሌላ ቤት። የጨርቅ ማስመጫውን፣ የመቁረጡን፣ የህትመቱንና የካውያውን ቀን ገና አልቆጠርንም።

ያሰፈርኩትን ደቂቃ አትመኑ፤ የራሳችሁን ለኩ። ፖሊ ግቢ ያሉ የኢቴክስ (የዩኒቨርሲቲው የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ተቋም) የጋርመንት ተማሪዎች ሥራን በሰዓት መለካት ከትምህርታቸው አንዱ ነው። ሳምፕሉ ሲሰፋ ሁለቱን ጋብዙና እያንዳንዱን ደረጃ (ትከሻ፣ አንገት፣ እጅጌ፣ ጎን፣ ጠርዝ) አሥር አሥር ጊዜ ይመዝግቡ። ግማሽ ቀን የማይሞላ ሥራ ነው።

የጊዜ ጥበቱን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጥረው ባለ ቤቱ ሳይሆን ደንበኛው ነው፤ እናንተንም ይጨምራል። የተለመደው ውል «ለዘገየበት ቀን ይህን ያህል በመቶ ይቀጣል» ይላል፤ ቀኑን የሚቆጥረው ግን ከፊርማው ጀምሮ ነው። ኮሚቴው የመጠን ዝርዝሩን ሁለት ሳምንት ያዘገያል፣ ዓርማውን ሦስቴ ይቀይራል፣ ቅድሚያ ክፍያውን ከተመራቂ እየለቃቀመ ያንጠባጥባል፤ የማስረከቢያው ቀን ግን ንቅንቅ አይልም። ቅጣቱ የሚያርፈው ሌሊት ተቀምጣ በምትሰፋዋ ልጅ ላይ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ሦስቱም ሲሟሉ ነው ብላችሁ ጻፉ፦ የዓርማው ሳምፕል በፊርማ ሲጸድቅ፣ የመጠን ዝርዝሩ ሲዘጋ፣ ቅድሚያው ባንክ ሲገባ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ለውጥ የራሱ ዋጋና የራሱ ቀን ይኑረው። ለዚህ ትእዛዝ 30 የሥራ ቀን፣ አምስት ሳምንት ማለት ነው፣ ልክ ነው። ምረቃው ሰኔ መጨረሻ ከሆነ ግንቦት 20 ሳይደርስ ሁሉም ነገር መዘጋት አለበት። በውኃ የሚበጠበጥ የህትመት ቀለም ክረምት ሲገባ ቶሎ አይደርቅምና አታሚው ቤት ይህን አስቦ እንደሆነ ጠይቁ።

ዋጋው ላይም እንዲሁ አስሉ። ለምሳሌ ያህል (የገበያ ዋጋ ነው አላልኩም) የሰፊዋ የወር ደመወዝ 6,000 ብር ይሁን። 26 ቀን በ8 ሰዓት 208 ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ 28 ብር ከ85 ሳንቲም ይወጣል። በ45 በመቶ ፍጥነት ቲሸርቱ ወደ 18 ደቂቃ ስለሚወስድ የስፌት ደመወዙ 8 ብር ከ55 ግድም ነው፤ የአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲታከልበት 9 ብር ከ50። ሁዲው በዚሁ መንገድ 35 ብር ከ60 ገደማ። የቆራጩን፣ የአታሚውንና ካውያ የሚተኩሰውን ለመሸፈን እጥፍ አድርጉት። አሁን የሁሉንም ደመወዝ በ30 በመቶ ብታሳድጉ በአንድ ቲሸርት ላይ የሚጨመረው 6 ብር አይሞላም፤ ፔዳ ግቢ በር ላይ ከአንድ ሻይ ያነሰ። ስለዚህ በሁለት ፕሮፎርማ መካከል የ60 ብር ልዩነት ካያችሁ መንስኤው የጨርቁ ክብደት ወይም ከውጭ የገባ ዝግጁ ቲሸርት ሊሆን ይችላል፤ ደመወዝ ብቻውን ያን ያህል አያወርድም። ፕሮፎርማው ጨርቅ፣ ስፌት፣ ህትመት፣ ማሸጊያ እየተባለ ተለያይቶ ይምጣ። የስፌቱ መስመር ከለካችሁት ደቂቃ ጋር ካልተገጣጠመ ባለ ቤቱ ያስረዳ።

ወደ ቤቱ ሁለቴ ሂዱ፤ አንዴ በቀጠሮ፣ አንዴ ሳትናገሩ፣ ሁለተኛውን ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ። በቀጠሮው ቀን ሦስት ሰነድ ጠይቁ፦ ያለፉትን ሦስት ወራት የሰዓት ፊርማ፣ የዚያኑ ወራት ፔሮል፣ የጡረታ መዋጮ የተከፈለበትን ደረሰኝ። ለየብቻ ብታዩአቸው ሁሉም ያማረ ነው፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው የሚናገሩት። ስምንት ሰው ሲሰፋ ቆጥራችሁ ደረሰኙ የሦስት ሰው ከሆነ አምስቱ የት እንደወደቁ ጠይቁ። የሁሉም መግቢያ 2፡30፣ መውጫ 11፡30 ሆኖ ለሦስት ወር አንዲት ደቂቃ ካልተዛነፈ፣ በአንድ እስክሪብቶም ከተጻፈ፣ ያ ፊርማ በአንድ ማታ የተሞላ ነው።

ትርፍ ሰዓት ላይ ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው፦ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ የሰዓቱ ደመወዝ በ1.5 ይባዛል፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፤ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፤ በሕዝብ በዓል በ2.5። በላይኛው ምሳሌ የሌሊቱ ሰዓት 50 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ መሆን አለበት። ፔሮሉ ላይ «ማበረታቻ 300» የሚል ክብ ቁጥር ብቻ ካገኛችሁ ትርፍ ሰዓቱ አልተሰላም ማለት ነው።

እኛ ከተማ ትልቁ ወጥመድ መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ሠራተኞች ከሰዓት በኋላ ሙሉ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ማታ ሲመጣ «እንግዲህ ቀኑን አርፋችኋል» ተብሎ እስከ እኩለ ሌሊት ይሰፋል። በአዋጁ ግን ሠራተኛ ለሥራ ተዘጋጅቶ ሳለ በእሱ ባልሆነ ምክንያት ሥራ ቢቋረጥ ደመወዙ አይቀርበትም። የተቀመጠበት ሰዓት ይከፈላል፤ የማታውም ከ8 ሰዓት በላይ ከሆነ ትርፍ ሰዓት ነው። ባለ ቤቱም ከኪሱ እንዳይከፍል የጊዜ ሰሌዳው ላይ አራት ቀን መጠባበቂያ ተዉለት።

በፍሬ (በተሰፋው ልብስ ቁጥር) የሚከፈልባቸው ቤቶች «እኛ ጋ ሰዓት የለም፣ የሠራ ያገኛል» ይላሉ። በፍሬ መክፈል አልተከለከለም፤ የሰዓት ገደቡን፣ ዕረፍቱንና ጡረታውን ግን አያስቀርም። የሳምንቱን ፍሬ በክፍያው አባዙ፣ በእርግጥ ለተሠራበት ሰዓት አካፍሉ፤ የሚወጣው ቁጥር ነው እውነተኛው ደመወዝ። አዋጁ ራሱ የዝቅተኛ ደመወዝ ቁጥር አያስቀምጥም። ስለዚህ የናንተ መለኪያ ያለ ትርፍ ሰዓት፣ በ48 ሰዓት ሳምንት የሚገኘው ገንዘብ ሠራተኛዋ በምትኖርበት ቀበሌ የአንድ ክፍል ኪራይና የወር ምግብ ይሸፍናል ወይ የሚለው ይሁን። ኪራዩን ከእሷ ነው የምትሰሙት።

የተበላሸ ቲሸርት ከደመወዝ እየተቆረጠ እንደሆነም ጠይቁ። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልተፈቀደ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር መቁረጥ አይቻልም፤ ሲቻልም ከወሩ ደመወዝ ሲሶ አያልፍም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የ3 በመቶ ትርፍ ጨርቅ በውሉ ያዙ፤ 45 ቲሸርትና 12 ሁዲ ቢበላሽ የማንም ጉሮሮ አይዘጋም።

«ለማጅ ናት» የሚለው መልስ ላይ ረጋ በሉ። የስፌት ሙያ ከባለሙያ ሥር ተቀምጦ መማር የቆየ ልማድ ነው፣ ክፋትም የለውም። ሆኖም ልጅቷ ለወራት ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚቋጭ መኪና) ላይ ተቀምጣ የእናንተን ትእዛዝ እየሰፋች የትራንስፖርት ብቻ የምትቀበል ከሆነ ሠራተኛ ናት። የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው፤ እሱም ያለ ደመወዝ አይደለም። ከገጠር የመጣች «የዘመድ ልጅ» ክር ስትቆርጥና ስታጥፍ ካያችሁ ዕድሜዋን ጠይቁ፦ ከ15 ዓመት በታች ፈጽሞ አይቻልም፤ ከ15 እስከ 18 ከሆነች በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ትርፍ ሰዓትና ሌሊት ክልክል ነው።

ሠራተኞችን ስታነጋግሩ ባለ ቤቱ በሌለበት፣ ቢቻል ከግቢው ውጭ በምሳ ሰዓት ይሁን፤ ሴቶቹን ሴት ታነጋግራቸው። «መብታችሁ ይከበራል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፣ እሱም ምንም አይነግራችሁም። ይልቅ ቀንና ነገር ጠይቁ፦ ባለፈው እሑድ የት ዋልሽ? ያለፈው ወር ደመወዝ በስንተኛው ቀን ገባ? መጨረሻ ስትታመሚ ምን ያህል ተከፈለሽ? የወለደች ሰው አለች፣ ስንት ቀን ዐረፈች? (ሕጉ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ይላል።) ዕድሜያቸው ገፋ ያሉትን ጋሼ፣ እትዬ በሏቸው፤ ደብተር አውጥታችሁ ስም አትጻፉ። ከአራት ወይም ከአምስት ሰው በታች ካነጋገራችሁ ማን ምን እንዳለ ባለ ቤቱ ይገምታል፤ ያ ለተናገረችው አደጋ ነው።

ክፍሉን ስታዩ ከበሩ ጀምሩ። ሥራ ላይ ሳሉ ከውጭ የተቆለፈ በር ካለ ሌላውን መመርመር አያስፈልግም፣ እዚያው አቁሙ። እ.ኤ.አ. በ2012 ባንግላዴሽ ውስጥ ታዝሪን በተባለው ፋብሪካ ከ110 በላይ ሰው በእሳት ሲያልቅ መውጫ መዘጋቱ አንዱ ምክንያት ነበር። በዓመቱ ራና ፕላዛ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ ሠራተኞች ሞቱ፤ ግድግዳው መሰንጠቁ በዋዜማው ታይቶ ሳለ ትእዛዝ እንዳይዘገይ ተብሎ ነው የገቡት። ከበሩ ቀጥሎ የመርፌ መከላከያ፣ ኦቨርሎክ ላይ የዓይን መከለያ፣ ለቆራጩ የብረት ጓንት ይኑር። ጓንቱ አዲስ ሆኖ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ካያችሁት ለናንተ የወጣ ነው።

ስክሪን ፕሪንት (ቀለም በወንፊት ጨርቅ የሚታተምበት) ቤቱን አትዝለሉት፤ አብዛኛው ሰው ይዘለዋል። ስክሪን በቤንዚን የሚታጠብ ከሆነ ነፋስ የሚገባበትና ከእሳት የራቀ ቦታ ይፈልጋል። ስክሪኑ ላይ የሚቀባው ኢሙልሽን ውስጥ ዳይክሮሜት የተባለው ብርቱካናማ ዱቄት የሚገባ ከሆነ ካንሰር አምጪ ነውና በባዶ እጅ አይነካም፤ በሌላ የኢሙልሽን ዓይነት ይተካ። ፕላስቲክ ያለበት የፕላስቲሶል ቀለም እስከ 160 ዲግሪ ድረስ ስለሚሞቅ ጢሱ መውጫ ይፈልጋል። ያጠቡበትን ውኃ የት እንደሚደፉም እዩ፤ የጎዳና ቦይ ከሆነ መጨረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው።

አድራሻ ላይ ጥብቅ ሁኑ። የአሜሪካ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎቻቸውን ሲሞግቱ አጥብቀው ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ ዓርማችን የሚሰፋበት ፋብሪካ ስምና አድራሻ ይገለጥ የሚል ነበር፤ አድራሻው የማይታወቅ ቤት አይመረመርማ። እናንተም መቁረጡ፣ ስፌቱ፣ ጥልፉና ህትመቱ እያንዳንዱ የት እንደሚሠራ ውሉ ላይ አስጽፉ፤ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ለሌላ አሳልፎ መስጠት ክልክል ይሁን። ዝግጁ ቲሸርት ከመርካቶ መጥቶ እዚህ የሚታተም ከሆነ ያረጋገጣችሁት ህትመቱን ብቻ ነው፤ ለዩኒቨርሲቲውም እንደዚያው ብላችሁ ጻፉ።

ጥፋት ስታገኙ ውሉን ቀድዶ መሄድ ቀላል ነው፤ ሠራተኛዋ ግን ሥራዋን አጥታ ትቀራለች። ያልተከፈለው ትርፍ ሰዓት ተሰልቶ በ15 ቀን እንዲከፈል፣ ፔሮሉም እንዲታይ ጠይቁ፤ ትእዛዙን የምታቆሙት እምቢ ካለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ራስል የተባለው የስፖርት ልብስ ኩባንያ ሆንዱራስ ያለውን ፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር ካቋቋሙ በኋላ ሲዘጋ፣ በርካታ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ውላቸውን አቋረጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኩባንያው እዚያው አዲስ ፋብሪካ ሊከፍትና ሠራተኞቹን ሊመልስ ከማኅበሩ ጋር ተስማማ። ውል ማቋረጥ የሠራው መመለሻ መንገድ ስለነበረው ነው።

የ10 ቀኑን ቤት ለማየት ስትሄዱ አንድ ቁጥር ይዛችሁ ግቡ። ጨርቁ፣ መቁረጡና ህትመቱ ሦስት ቀን ቢወስዱ ከ9ኙ የሥራ ቀን ለስፌት የሚቀረው 6 ቀን ነው፤ ያ ለአንድ ሰፊ 48 ሰዓት ነውና 889 ሰዓት ለ48 ሲካፈል 19 ሰፊ ያስፈልገዋል። 19 የስፌት መኪና ከነሰፊው ካልቆጠራችሁ ሌሎቹን ሁለት ቤቶች ጠይቁ።